የመስፍን ኦቤር ሁለት ፈረሶች

ሙሴ ቴርናክ ፈረስ አይወዱም ነበር። ፓሪስ ውስጥ እንደ እሳቸው ፈረስ የሚሥል የለም ይባላል፤ እኔ ግን አምስት ዓመት ሙሉ እሳቸው ዘንድ ስሠራ ነፍስ ያለው ፈረስ ሲነኩ አንድ ቀን አላየኋቸውም። ሽታው ራሴን ያዞረኛል ይሉ ነበር። ስለዚህ የመስፍን ኦቤርን ትልቅ ሥዕል ሲጀምሩም ያደረጉት የዘወትራቸውን ነው። ባዶ የወይን በርሜል በአራት ግንድ ላይ አስቀመጡ፤ ኮርቻ ጫኑበት፤ ከኪራይ ቤት የመጣ ጥሩር፣ የጦረኛ የብረት ልብስ፣ የለበሰ ሰውዬ አወጡበት፤ "ዛሬ በርሜላችን አልበረገገም" ብለው ቀለዱና ብሩሻቸውን አነሱ። የፈረሱን አንገትና እግር ከድሮ ንድፎቻቸው ይወስዱታል። መካከሉ በርሜል ነው። የተመልካች ዓይን ከጥሩሩ ብልጭታ እንደማያልፍ ያውቃሉ።

ዘመኑ ንጉሡ አሮጌውን ቤተ መንግሥት ለሕዝብ የከፈቱበት ነው። ግድግዳው ሁሉ በጥንት ገዥዎች ሥዕል እንዲሞላ ታዘዘና ለየሠዓሊው ገዥ ታደለው። አንዱ ንጉሥ ደረሰው፣ ሌላው የመስቀል ጦረኛ። ለእኛ ቤት የደረሰን የሶቬሉ መስፍን ኦቤር ነው፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት ከተማው ተከቦ ሲቃጠል ከአርባ ፈረሰኛ ጋር በሩን ከፍቶ የወጣው። መልኩን የሚያውቅ የለም። ሙሴ ቴርናክ ጢም ሰጡት፣ ቀይ ካባ ደረቡለት፣ ከኋላው ሰማዩን አነደዱለት፣ ፈረሱንም በሁለት የኋላ እግሩ አቆሙት።

ሶቬል አገሬ ነው። ግማሹ ሰው ኮርቻ ይሠራል፤ ግማሹ ስለ ኮርቻ ይከራከራል። አባቴ ማቱራን ጎድሪ ከሚሠሩት ወገን ነው። ሥዕል ያስተማረኝ የለም። በሰባት ዓመቴ በእርጥብ ቆዳ ላይ ቅጠልና አበባ መቅረጽ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ ያገኘሁትን መጽሐፍ ሁሉ አነበብኩ፤ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያናችንን ቅዱሳን አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው፤ በሃያ ዓመቴ ሳጥኔን ተሸክሜ ፓሪስ ገባሁ። ፓሪስ ውስጥ ሰው ሥዕልሽን ከማየቱ በፊት "የማን ተማሪ ነሽ?" ይልሻል። በየዓመቱ የሚከፈተው ትልቁ ዐውደ ርእይ መጽሐፍ ያሳትማል፤ ከእያንዳንዱ ሠዓሊ ስም ጎን የአስተማሪው ስም ይጻፋል። ከእኔ ስም ጎን የሚጻፍ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ሥዕል አስገባሁ፤ ሦስት ጊዜ መለሱብኝ። የሙሴ ቴርናክ ተማሪ ነኝ ብዬ ልጽፍ እችል ነበር፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ግን እሳቸው ያስተማሩኝ ነገር ቢኖር ሾርባቸውን ምን ያህል ትኩስ እንደሚወዱ ነው። አልጻፍኩም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ከሶቬል ደብዳቤ መጣ። ከንቲባው ሙሴ ብሎንዶ የመስፍኑ ሥዕል ቅጂ ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲሠራለት ይለምናል። ሙሴ ቴርናክ አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

"የእናንተ ሰዎች ናቸው፤ አንቺ ገልብጪላቸው" አሉኝ። "በስምሽም ትፈርሚበታለሽ።"

ቅጂ ላይ የገልባጩ ስም አይገባም። ማንም ሲያደርገው አላየሁም። ከጎኔ ቀለም ትፈጭ የነበረችው ኡላሊ መፍጫውን አቆመች።

"እየቀለዱብኝ ነው?" አልኩ።

"ለሌላ ሰው እቀልዳለሁ። አንቺ ቀልድ አታውቂም" አሉ።

በወሩ ከንቲባው ለእኔ ለብቻዬ ሌላ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ከተማው ለሴቶች ልጆች የሥዕል ትምህርት ቤት ሊከፍት ነው፤ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ምክር ቤቱ ሥዕሉን አይቶ፣ እጄን ከወደደው፣ ቦታው የእኔ ነው። ደብዳቤውን አሥር ጊዜ አነበብኩት። የማን ተማሪ ነሽ አይልም። "እጅሽን አይተን" ነው የሚለው።

ስምንት ወር ሠራሁት። ዋናው ሥዕል ከምድጃው ጎን ቆሟል፤ የእኔ ሸራ ከትይዩ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ አንድ አልነበሩም፤ ሁለት ነገር ቀይሬአለሁ።

አንደኛው ጥላው ነው። ሙሴ ቴርናክ ጥላ የሚጥሉት በሬንጅ ነው። የዚያን ዘመን ትልልቅ ሠዓሊዎች ሁሉ የሚሞቱለት ቡኒ ቀለም እሱ ነበር፤ አዲሱን ሲያዩት እንደ ጥቁር ማር ያበራል፣ ጥልቀት አለው፣ ያስጎመጃል። ችግሩ አይደርቅም። ከላይ የደረቀ ይመስልና ከሥር እርጥብ ሆኖ ይቀራል። አንድ ቀን የአራት ዓመት ሥዕላቸው ጥግ ላይ አውራ ጣቴን አስደግፌ ሳነሳው ቡኒ ሆኖ መጣ። አሳየኋቸው።

"ልጄ፣ በዚህ ቀለም የማይሠራ ማን አለ?" አሉኝ።

"የሚሠራበት ሁሉ አንድ ቀን ይንሸራተትበታል።"

"ይህን ደግሞ የትኛው መምህርሽ ነገረሽ?" አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

እኔ ግን ጥላዬን በአፈር ቀለም፣ በስስ በስሱ፣ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን እየደረብኩ ሠራሁት። ሁለተኛው ጠፍሩ ነው። ኮርቻው እንዳይነቃነቅ ሆዱ ሥር የሚታሰረው ጠፍር ከፊት እግሩ ብብት ሥር ነው የሚያልፈው፤ ማንኛውም የሶቬል ሕፃን ያውቀዋል። ሙሴ ቴርናክ ግን በርሜሉ ላይ እንዳዩት፣ ልክ ሆዱ መካከል ላይ አስረውታል። እንዲህ የታሰረ ፈረስ በሁለት እግሩ ቢነሳ ኮርቻው ከነመስፍኑ በጭራው በኩል ይወርዳል። ጠፍሩን ወደ ቦታው አመጣሁት።

ኡላሊ አየችኝ። ከኡላሊ ጋር አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የሾርባ ሳህን ነበረን። እጇ ለፊደል ተፈጥሯል፤ የሙሴ ቴርናክን ፊርማ ራሱ በየሥዕሉ ላይ በቀይ የምትጽፈው እሷ ነበረች፤ እሳቸው ለፊደል ትዕግሥት የላቸውም።

"ጠፍሩን አነሳሽው አይደል?" አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አነሳሁት።"

"ቢያውቁብሽስ?"

"የሚያውቁት በርሜል ነው። በርሜል ደግሞ ብብት የለውም።"

ሳቋን ለመደበቅ መሐረቧን አፏ ውስጥ ከተተች።

ስጨርስ ሙሴ ቴርናክ መጥተው ከሸራዬ ፊት ቆሙ። ብዙ ቆሙ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ አደረጉት። ቀጥለው ወደ ራሳቸው ሥዕል ሄዱና ከመስፍኑ ክንድ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ። እዚያ ጋ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀደም ብዬ አይቼ ነበር፤ ጉዳያቸው ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

"ያንቺ የእኔ ሆኖ የለም እንዴ" አሉ በመጨረሻ።

ሙገሳ መስሎኝ አንገቴ ድረስ ቀላሁ። ዛሬም ድረስ ከሁሉ የሚቆጨኝ እሱ መቅላቴ ነው።

"ቫርኒሹን ቀብቼ፣ አሽጌ እኔ እልካቸዋለሁ፤ አንዱን ወደ ቤተ መንግሥት አንዱን ወደ ሶቬል" አሉኝ። "አንቺ ቀድመሽ ወደ አባትሽ ሂጂ፣ ዕረፊ። ስምሽን ኡላሊ ትጽፍልሻለች፤ ያንቺ ጽሕፈት ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።"

ጽሕፈቴ እውነትም አያምርም። ሄድኩ።

ሥዕሉ ሶቬል የደረሰው ሰኔ ላይ ነው፤ በዚያ ዓመት ሰኔ ከሙቀቱ የተነሣ ድንጋይ ያልበው ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ሳጥኑን በእኔ ፊት አልከፈተውም፤ ለበዓሉ ቀን ድንገተኛ ደስታ ይሁን ብለው ራሳቸው ከፍተው፣ ከመስኮቱ ትይዩ ሰቅለው፣ በአረንጓዴ ጨርቅ ሸፍነውታል። ከሥሩ ስሜ የተቀረጸበት የነሐስ ሰሌዳ አለ፤ ሴቬሪን ጎድሪ ይላል። አባቴ የሠርግ ኮቱን ለብሶ ከፊት ቆመ። ከንቲባው ስለ አርባው ፈረሰኛ ረጅም ንግግር አደረገ፤ በንግግሩ መጨረሻ ፈረሰኞቹ መቶ ደርሰው ነበር። ገመዱን ሳበው። ጨርቁ ወረደ።

ማንም አላጨበጨበም። በመጀመሪያ ያየሁት ስንጥቁን ነው። የሥዕሉ ጥላ ሁሉ ዝናብ እንደራቀው የኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ከመስፍኑ ክንድ ሥር የነበረው ቡኒ በሙቀቱ ቀልጦ በፈረሱ ጎን ቁልቁል ወርዶ፣ ሰኮናው ጋ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከዚያ ጠፍሩን አየሁት። ሆዱ መካከል ላይ ነው።

ከእኔ ቀድሞ ያየው ሽማግሌው ጎስለን ነው፤ ስልሳ ዓመት ኮርቻ የሰፋ ሰው ነው።

"ፈረሲቱ አርግዛለች እንዴ?" አለ። "ሆዷን ነው እኮ ያሰሩላት።"

"ሆዷን ቁርጠት ይዟት ይሆናል" አለ ሌላው።

"የማቱራን ልጅ ፓሪስ ሄዳ ጠፍር ማሰር ረስታ መጣች በሉኛ።"

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ኮርቻ ሠሪ ጠፍር ላይ አለመሳቅ አይችልም። አባቴ ግን ባርኔጣውን አደረገና ሰው መካከል ሰንጥቆ ወጣ። እኔ ወደ ሸራው ተጠጋሁ። ያ ፈረስ የእኔ አይደለም። አንገቱን አውቀዋለሁ፤ ስምንት ወር በትይዩዬ ቆሞ ያየሁት አንገት ነው። ከታች በቀኝ ጥግ ስሜ በቀይ ተጽፏል፤ እንደ ዶሮ ጭረት አይደለም፣ ውብ ሆኖ፣ የ"ጎድሪ" ጅራት ተቆልምሞ። የኡላሊ እጅ ነው።

ከንቲባው አጠገቤ መጣ። "ማድሞዋዜል፣ ሲደርቅ ይስተካከላል?" አለኝ፤ እውነቱን ነው የሚጠይቀኝ።

ጀርባዬን ሰጥቼው አባቴን ፍለጋ ወጣሁ።

ሱቁ ውስጥ አገኘሁት። የሠርግ ኮቱን ሳያወልቅ ቆዳ እየቆረጠ ነበር።

"አባባ፣ የእኔ አይደለም።"

"ስምሽ አለበት።"

"ስሜን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም።"

ቢላዋውን አላቆመም። "እግር ሳትተክዪ በፊት ጠፍር የት እንደሚታሰር ታውቂ ነበር" አለ። "እዚህ ጥግ ተኝተሽ በጣትሽ ታሳዪኝ ነበር።"

"እኮ። አሁንስ የማላውቅ ይመስልሃል?"

ያኔ ቢላዋው ቆመ። አየኝ።

"ታዲያ ያንቺ የቱ ነው?" አለ። "ያንቺው የት ሄደ?"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የተበላሸ ሥዕል በስሜ እንደተላከ ብቻ ነበር የገባኝ። የእኔ የት ሄደ ብዬ አልጠየቅኩም። አባቴ ሲጠይቀኝ ግን መልሱ አብሮ መጣ፤ ቆዳ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

እስከ ቤተ መንግሥቱ በሰረገላ ሁለት ቀን ነው። ቤተ መንግሥቱ እሑድ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ከቤተሰቡና ከጃንጥላው ጋር የመጣ ሰው ሁሉ ይገባል። ሦስተኛው አዳራሽ ውስጥ አገኘሁት። ፈረሴ በሁለት እግሩ ቆሟል፤ ጠፍሩ ከብብቱ ሥር፤ ጥላው እንደ ብርጭቆ የጠራ። ከሥሩ ነሐስ፦ ቴርናክ። ሸራው ላይም በቀይ፦ ቴርናክ። ሁለት ሴትዮዎች ከፊቱ ቆመዋል።

"ፈረስ እንደሆነ ቴርናክ ነው የሚያውቀው" አለች አንዷ።

"ኮርቻው ራሱ ሲንቃቃ የሚሰማ ይመስላል" አለች ሁለተኛዋ።

ዘበኛው "ማድሞዋዜል፣ ከገመዱ ወዲያ" አለኝ። ለካ እጄን ዘርግቼ ነበር።

ከዚያ ሱቅ ሳይሆን ቤተ መቅደስ ወደሚሏት የሥዕል ክፍላቸው ሄድኩ፤ ሙሴ ቴርናክ ሌላ በርሜል ላይ ሌላ ንጉሥ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። ሲያዩኝ ሞዴሉን ውረድ አሉት፤ ሰውዬው ጥሩሩን እያንቋቋ ወጣ። ኡላሊ ጥግ ላይ ቆማ ቀለም ታደባልቃለች። ቀና አላለችም።

"አየሽው?" አሉኝ። እንዲያው ዕቃ ደረሰሽ ወይ እንደማለት።

"ሁለቱንም አየሁ።"

"እንግዲያው አንቺ ፍረጂ። ሁለት ሸራ አለኝ። አንዱ ሁለት ዓመት እንደማይቆይ ገባኝ። ንጉሡ ፊት የሚሰቀለው የትኛው ይሁን?"

"የእኔን ሰቀሉ።"

"ያንቺ ምኑ ነው? መስፍኑን ያሰብኩት እኔ፣ ሰማዩን ያነደድኩት እኔ። አንቺ ገለበጥሽ።"

"እንግዲያው እዚያኛው ላይ ስሜን ለምን ጻፍክበት?"

አንተ ማለቴን የሰማችው ኡላሊ ናት፤ ያኔ ነው ቀና ያለችው። እሱ ግን አልተቆጣም። ብሩሹን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ።

"የተሰነጠቀ ሥዕል ሠዓሊውን ያስጠይቃል" አለ። "እኔ ስልሳ ሊሞላኝ ነው፤ አንድ ስንጥቅ ይገድለኛል። አንቺ ወጣት ነሽ። ደግሞ እዚያ ባላገር ውስጥ ማን ያይብሻል ብዬ ነው።"

"እዚያ ባላገር ውስጥ አባቴ አለ።"

ብሩሹን መልሶ ቀለም ነከረ። ወደ ኡላሊ ዞርኩ።

"አንቺ ነሽ የጻፍሽው።"

"ጻፊ አለኝ፣ ጻፍኩ" አለች።

"የእሱን ስም ደፍነሽ?"

"ከእሱ ላይ ነው የጻፍኩት። ቀዩ እያሳለፈ አስቸግሮኝ ቡኒ ሁለት ጊዜ ደርቤበታለሁ።" አላለቀሰችም። ስለ ቀለም እንደምትነግረኝ ነው የነገረችኝ። ቀጥላ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። "አንቺ ትምህርት ቤት ልትገቢ ነው ሴቬሪን። አገርሽ ልትገቢ ነው። እምቢ ብዬው ቢያባርረኝ እኔ የት ነው የምገባው?"

እሱን ልረግመው እችል ነበር። እሷን ግን አልችልም። አንድ አልጋ ላይ አምስት ክረምት እግሯን በእግሬ አሙቄላታለሁ። "ጅራቱን አሳምረሽዋል" ብያት ወጣሁ።

ሶቬል ስመለስ የማዘጋጃ ምክር ቤቱ ሐሙስ ጠዋት ይሰበሰብ ነበር። ከንቲባው፣ ስድስት ሽማግሎች፣ አንድ ጸሐፊ። ስድስቱም ኮርቻ ሠሪዎች ናቸው፤ ጎስለን አንዱ ነው። አባቴ የምክር ቤት ሰው ባይሆንም በሩ ላይ ቆመ፤ ማንም ውጣ አላለውም። ከቀለም ቤት ያመጣሁትን አንድ ጠርሙስ ቀለም የሚያስለቅቅ አኳራጅና ንጹሕ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ይህ ሥዕል የእኔ አይደለም" አልኩ። "ቃሌን እንድታምኑ አልለምንም። ዓይናችሁን እመኑ።"

ጨርቁን ነክሬ ስሜን መጥረግ ጀመርኩ። በመጀመሪያ የ"ጎድሪ" ጅራት ሄደ። ከዚያ ሴቬሪን ሄደች። ከሥር ሌላ ቀይ ብቅ አለ፤ መጀመሪያ አንድ ፊደል፣ ቀጥሎ ሁለት፤ በመጨረሻ "ቴርናክ" የሚለው ሙሉውን ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሸራዎቹ እንዴት እንደተለዋወጡ፣ የእኔው የት እንደተሰቀለ፣ ጠፍሩ እዚያ የት እንደታሰረ።

ከንቲባው መነጽሩን አደረገና ፊርማው ድረስ ጎንበስ አለ። ቀና ሲል ፊቱ በርቶ ነበር።

"ይህ ዋናው ነው ማለት ነው?" አለ። "ዋናው ቴርናክ? እኛ ዘንድ?"

"ዋናው ነው" አልኩ።

"ቤተ መንግሥቱ ያለው ቅጂው ነው?"

"የእኔ ነው ያለው።"

ሁለተኛውን አልሰማኝም። ሽማግሎቹ ተነሥተው ሥዕሉን ከበቡት። ስንጥቁን አሁን በሌላ ዓይን ነው የሚያዩት። አንዱ "እንደው ግርማ አለው" አለ። ሌላው "የዕድሜ ነው" አለ፤ ሥዕሉ ሁለት ዓመቱ ነው።

"ጠፍሩስ?" አለ ጎስለን ብቻውን።

"እሱ የትልቅ ሰው ጠፍር ነው ጋሼ ጎስለን" አለው ከንቲባው። "እኛ አናውቅም።"

የነሐስ ሰሌዳው ይቀየር ተባለ። ጸሐፊው ሲጽፍ ሰማሁት። ጠብቄ ጠብቄ "የትምህርት ቤቱስ ነገር?" አልኩ።

ከንቲባው ቅር እንዳለው ሰው ሆነ፤ ደግ ሰው ነው፣ ቅሬታው የውሸት አልነበረም። "ማድሞዋዜል፣ ምክር ቤቱ እጅሽን አይቶ ሊወስን ነበር። እንግዲህ እጅሽ እዚህ የለም።"

"ቤተ መንግሥት ተሰቅሏል። ጻፉላቸው፤ ሰው ይልኩና ሁለቱን ያመሳክራሉ።"

እርስ በርስ ተያዩ። ማንም ሊናገረው አልፈለገም፤ በመጨረሻ ጎስለን ተናገረው።

"ከጻፍንላቸው ይሄኛውን ይወስዱብናል ልጄ" አለ። "ንጉሡ ዋናውን ትተው ቅጂ አይሰቅሉም።"

ከንቲባው ቶሎ ብሎ ቀጠለ። "ግን አልረሳንሽም። ትምህርት ቤቱን እንሰጥሻለን፤ ዛሬውኑ እንጽፈዋለን። ይህ ነገር ብቻ ከዚህ ክፍል አይውጣ። እኛ አውቀናል፤ እውነቱን አውቀንልሻል። አንቺም አገርሽ ገብተሽ ትቀመጫለሽ።"

ጸሐፊው ብዕሩን ቀለም ነክሮ ይጠብቀኝ ጀመር።

ቴርናክ ስሜን ሲሰጠኝ የተበላሸውን ሸራ አስታቅፎ ነው። እነዚህ ደግሞ ሲያምኑኝ አፌን ሊሰፉት ነው። እንዲያውም የቴርናክ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ አውቀንልሻል አላለኝም። "እስኪ ላስብበት" አልኩና ጠርሙሴን አንሥቼ ወጣሁ። አስቤ ግን ጨርሼ ነበር።

አባቴ ከኋላዬ መጣ። ሱቁ ገብተን በሩን ሲዘጋ፣

"ተቀበዪያቸው" አለኝ።

"አባባ።"

"ሥራ ነው። ጥሩ ሥራ ነው። ሴቶቹ ልጆች ካንቺ ይማራሉ። ሥዕሉን ማን እንደሠራው እኔ አውቄዋለሁ፤ ጎስለንም አውቆታል። አይበቃም?"

"ነገ ተነሥቼ የቤተ መንግሥቱ ሹም ዘንድ ሄጄ እነግረዋለሁ።"

"ያምንሻል?"

"ላያምነኝ ይችላል። ካመነኝ ግን ሰው ልከው ይሄንን ይወስዱታል።"

"ሶቬል እኔ ላይ ነው የምትዞረው እንግዲህ" አለ። "ከእኔ ኮርቻ የሚገዛ አይኖርም።"

"አውቃለሁ።"

መስኮቱ ሥር ለእሑድ ገበያ ያለቀ ኮርቻ ተገልብጦ ነበር። ከሥሩ፣ ፈረሱ ጀርባ ላይ በሚያርፈው በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ማኅተሙ ተመትቶበታል፦ ማ. ጎድሪ።

"ይሄን ለምን ትመታዋለህ?" አልኩት። "ማን አይቶት?"

ኮርቻውን አነሣው፣ ወደ ቀናው ገለበጠው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። መጥረጊያ ጨርቁን ፈልጎ ያልቆሸሸውን ቆዳ ጠረገ። ረጅም ጊዜ ጠረገው።

"ሰረገላው በስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?" አለኝ።